የትኛው ሸክላ ይበልጣል? የዲፕ ፐርፕል አድማጮች ሙግት እና የታሪክ ማስረጃ



የዛሬው ገለጻዬ ስለ ነገሥታትም ሆነ ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ አንድ የእንግሊዝ ሃርድ ሮክ ባንድ እና ከሃምሳ ዓመት በኋላም ስላልበረደ አንድ ሙግት ነው። ባንዱ ዲፕ ፐርፕል ይባላል፤ ሙግቱም ከአልበሞቹ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ነው። ጉዳዩ የጣዕም ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተማሪ ብዙ ፍሬ ባልተገኘበት ነበር። ነገር ግን ተሟጋቾቹ የሚያቀርቡትን ማስረጃ በጥሞና ስንመረምር፣ እኛም በቤተ መዛግብት ውስጥ በየዕለቱ የሚገጥሙንን ጥያቄዎች እናገኝበታለን። የማን ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል? ቁጥር ምን ይናገራል፣ ምንስ ይሰውራል? አንዱን ዘመን ከሌላው የምንለየው በምን መስፈርት ነው?

የገለጻዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሙግቱ እስከ ዛሬ ያልተቋጨው ተሟጋቾቹ «ይበልጣል» በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚጠይቁ ነው። ጥያቄዎቹን ለያይተን ስናያቸው መልሱ ይቀርባል፤ በሙግቱ ውስጥ ሳይጠሩ የቀሩትም ሰዎች ይታዩናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ባንዱ ጥቂት ልበል። ዲፕ ፐርፕል የተመሠረተው በ1968 ነው። የመጀመሪያዎቹ አባላት ጊታር ተጫዋቹ ሪቺ ብላክሞር፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ጆን ሎርድ፣ ድራም መቺው ኢያን ፔይስ፣ ድምፃዊው ሮድ ኢቫንስ እና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ኒክ ሲምፐር ነበሩ። በ1969 ኢቫንስና ሲምፐር ተሰናብተው ኢያን ጊላንና ሮጀር ግሎቨር ተተኩ። በ1973 እነዚህ ሁለቱ ሲለቁ ዴቪድ ኮቨርዴልና ግሌን ሂዩዝ ገቡ። በ1975 ደግሞ ብላክሞር ወጥቶ ቶሚ ቦሊን በቦታው ተተካ፤ በ1976ም ባንዱ ተበተነ። በ1984 ብላክሞር፣ ሎርድ፣ ፔይስ፣ ጊላንና ግሎቨር እንደገና ተሰባስበው «ፐርፌክት ስትሬንጀርስ» የተባለውን አልበም አወጡ።

አድማጮች እነዚህን የአባላት ስብስቦች «ማርክ አንድ»፣ «ማርክ ሁለት»፣ «ማርክ ሦስት» እያሉ በቁጥር ይጠሯቸዋል። ይህ አጠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዘመንን መከፋፈል ነው። ዘመንን የሚከፋፍል ሰው ደግሞ ሳያውቀው ፍርድ ይሰጣል። ታሪክን በነገሥታት ዘመን ስንከፍል የገበሬውን ኑሮ ለውጥ ልንስት እንደምንችል ሁሉ፣ የባንዱን ታሪክ በአባላት መለዋወጥ ስንከፍልም በሁሉም ዘመን የቀጠለውን እንስታለን። ሎርድና ፔይስ ከ1968 እስከ 1976 አንድም ጊዜ አልተለዩም። የሙግቱ ሦስቱ ዋና ተወዳዳሪዎች ግን ሁሉም የማርክ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

«አልበም» ስንልም ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ያሻል። በእኛ አገር በዚያው ዘመን ከወጡት ሸክላዎች አብዛኞቹ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በጠቅላላው ሁለት ዘፈን የሚይዙ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልቁ ሸክላ ከዘፈኖች ጥርቅምነት አልፎ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ወጥ ሥራ ተደርጎ መታየት ጀመረ። «ምርጡ አልበም የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኘው ይህ አመለካከት ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ወደ ተወዳዳሪዎቹ ልመለስ። የመጀመሪያው በ1970 የወጣው «ኢን ሮክ» ነው። የዚህን አልበም ደጋፊዎች ክርክር ለመረዳት ወደ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1969 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት ባንዱ በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ጆን ሎርድ የደረሰውን ኮንሰርቶ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበ፤ ኦርኬስትራውን የመሩት ማልኮም አርኖልድ ነበሩ። ዝግጅቱ ዝና ቢያስገኝም ባንዱን የኦርኬስትራ አጃቢ አስመሰለው። ብላክሞር ቀጣዩ ሥራ ከዳር እስከ ዳር ከባድ ሮክ እንዲሆን አጥብቆ ፈለገ። «ኢን ሮክ» የዚያ ፍላጎት ውጤት ነው። ሎርድ የሃመንድ ኦርጋኑን ለጊታር በተሠራ የማርሻል ማጉያ በኩል እያሳለፈ ድምፁን አሻከረው፤ ኦርጋኑም ከጊታር ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ የ«ኢን ሮክ» ደጋፊዎች የሚጠይቁት «መንገዱን የከፈተው የትኛው ነው?» የሚለውን ነው።

ይህ የመነሻ ጥያቄ የራሱ ችግር አለው። ከአልበሙ ዘፈኖች በጣም የሚወደሰው «ቻይልድ ኢን ታይም» መነሻ ዜማውን ያገኘው ኢትስ ኤ ቢዩቲፉል ዴይ ከተባለ የአሜሪካ ባንድ «ቦምቤይ ኮሊንግ» ከተሰኘ ሥራ ነው፤ ይህንንም የዲፕ ፐርፕል አባላት ራሳቸው አልካዱም። የመነሻ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመጀመሪያው በፊት ሌላ መጀመሪያ ይገኛል።

ሁለተኛው ተወዳዳሪ በማርች 1972 የወጣው «ማሺን ሄድ» ነው። ባንዱ በዲሴምበር 1971 ወደ ስዊዘርላንዷ ሞንትሩ የሄደው በከተማዪቱ ካዚኖ ውስጥ ለመቅረጽ ነበር። ለቀረጻውም ከሮሊንግ ስቶንስ በመኪና ላይ የተገጠመ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተከራይቷል። ዲሴምበር 4 ቀን ግን ፍራንክ ዛፓ በካዚኖው ትርኢት እያቀረበ ሳለ ከታዳሚዎች አንዱ ወደ ጣሪያው የብርሃን ተኩስ ተኮሰ፤ ሕንፃውም ተቃጠለ። የዲፕ ፐርፕል አባላት ወደ ሌላ አዳራሽ ቢዛወሩም ጎረቤቶች በጩኸቱ ተማረሩ። በመጨረሻ ለክረምት በተዘጋው ግራንድ ሆቴል መተላለፊያዎች ውስጥ መሣሪያዎቻቸውን ዘርግተው ሥራውን በጥቂት ሳምንታት ፈጸሙ። አልበሙ ሰባት ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱም አርባ ደቂቃ አይሞላም። ደጋፊዎቹ «አንድም የሚጣል የለበትም» ይላሉ። ጥያቄያቸው «ጉድለት የሌለበት፣ የተሟላው ሥራ የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ሦስተኛው «ሜድ ኢን ጃፓን» ነው። በኦገስት 15 እና 16 ቀን 1972 በኦሳካ፣ በ17 ደግሞ በቶኪዮ ከቀረቡ ትርኢቶች ተመርጦ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ነው። አሳቡ የመጣው ከጃፓን አሳታሚዎች ሲሆን፣ ባንዱ በመጀመሪያ ከጃፓን ውጭ እንዲሸጥ እንኳ አልፈለገም። በአልበሙ ከተካተቱት ሰባት ዘፈኖች አራቱ ከ«ማሺን ሄድ» የተወሰዱ ናቸው። ይህን ይዘው «ከሌላ የተቀዳ ነው» የሚሉ አሉ። ደጋፊዎቹ ግን ሙዚቃ ሕይወት የሚዘራው በመድረክ ላይ ነው ይላሉ፤ በስቱዲዮ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠው «ስፔስ ትረኪን» እዚህ ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘልቃል። የእነርሱ ጥያቄ «ባንዱ በእርግጥ ምን እንደነበረ የሚመሰክርልን የትኛው ነው?» የሚል ነው።

እነሆ ሦስቱ ጥያቄዎች፦ ማን ጀመረ? ማን አሟላ? ማን መሰከረ? ተሟጋቾቹ ሳይግባቡ የሚቀሩት እያንዳንዳቸው ሌላው ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ስለሚሰጡ ነው።

ክርክሩን በቁጥር እንቋጨው የሚሉም አሉ። በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ «ማሺን ሄድ» አንደኛ ሆኗል። ሆኖም በ1971 የወጣው «ፋየርቦል»ም እንዲሁ አንደኛ ሆኖ ነበር፤ «ኢን ሮክ» ግን ከአራተኛ ደረጃ አላለፈም። በከፍተኛ ደረጃ ብቻ ብንፈርድ «ፋየርቦል» ከ«ኢን ሮክ» ሊበልጥ ነው፤ ይህን የሚቀበል አድማጭ ግን ጥቂት ነው። «ኢን ሮክ» በሰንጠረዡ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። አንዱ ቁጥር በአልበሙ መውጫ ሰሞን የነበረውን ጉጉት ይለካል፤ ሌላው ጽናትን ይለካል። ቁጥሩ ሐሰት አይናገርም፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው።

የባለቤቶቹን ምስክርነት እንቀበል የሚለውም መንገድ አያዛልቅም። ስለ «ፋየርቦል» ጊላን በፍቅር ሲናገር ብላክሞር ደስተኛ እንዳልነበረ ይታወቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሠሩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሥራ እንዲህ ከተለያዩ፣ ተሳታፊ መሆን የፍርድ ዋስትና እንዳልሆነ እንረዳለን። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ስለ ሞንትሩው ቃጠሎ የተጻፈው «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ነው። ባንዱ ከ«ማሺን ሄድ» መርጦ በመጀመሪያ በነጠላ ሸክላ ያወጣው «ኔቨር ቢፎር» የተባለውን ዘፈን ነበር። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» በአሜሪካ በነጠላ ሸክላ ወጥቶ አራተኛ ደረጃ የደረሰው ከአልበሙ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው። ዛሬ የባንዱ መታወቂያ የሆነውን ዘፈን የመረጠው ፈጣሪው አልነበረም። የመረጡት ሬዲዮና አድማጭ ናቸው። እንግዲህ የአድማጮች ሙግት በታሪኩ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሳይሆን ታሪኩን ከሠሩት ኃይሎች አንዱ ነው ማለት ነው።

በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ላይ የምትሠሩ ተማሪዎች የሚከተለው ነጥብ አይከብዳችሁም። «ፋየርቦል» በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በእንግሊዙ ቅጂ «ዲመንስ አይ» በገባበት ምትክ በአሜሪካው «ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ውማን» ገብቶ ነበር። በ1993 የጃፓኑ ሦስት ምሽቶች ቀረጻ በሰፊው ታተመ፤ አድማጩም የትኛው ምሽት ይሻል እንደነበር ራሱ ማመዛዘን ቻለ። በ2024 ደግሞ «ማሺን ሄድ» በድዊዚል ዛፓ እጅ እንደ አዲስ ተቀላቅሎ ወጣ፤ እርሱም ካዚኖው በተቃጠለበት ቀን መድረክ ላይ የነበረው የፍራንክ ዛፓ ልጅ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ አልበም ሲከራከሩ አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባው «የትኛውን ቅጂ ሰማችሁ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሙግቱ ዋጋ ልሻገር። ሰው ስለ ሸክላ ቢከራከር ምን ይጎዳል? ትባሉ ይሆናል። በ1968 ማርክ አንድ «ሃሽ» የተባለውን ዘፈን በነጠላ ሸክላ አወጣ። ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ አራተኛ ሆነ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የደረሰበትን ያንኑ ደረጃ ማለት ነው። ሆኖም «ምርጡ አልበም» ሲባል የኢቫንስና የሲምፐርን ዘመን የሚያነሳ እምብዛም አይገኝም። በ2016 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ስማቸው ከተመዘገበው ስምንት አባላት መካከል ኢቫንስ ነበረ፤ ሲምፐር ግን አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ገብተው በአንድ ጊዜ የተሰናበቱ፣ በእነዚያው ሦስት አልበሞች ላይ የተጫወቱ ነበሩ። ቦሊንም አልተካተተም። የምርጦች ዝርዝር ሲደጋገም የማስታወስ ሥርዓት ይሆናል፤ ከዝርዝሩ የወጣ ሰው ሥራው ባይጠፋም የሚጠይቅለት ያጣል። የታሪክ ባለሙያ በእንዲህ ያለው ሙግት ውስጥ መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

የእኔስ ፍርድ? መስፈርቴን አስቀድሜ ልግለጽ። እኔ የምመዝነው አንድ ሥራ ከታሪኩ ቢወጣ የቀሩት ምን ያህል ይለወጣሉ በሚለው ነው። «ሜድ ኢን ጃፓን» ባይኖር የባንዱን የመድረክ ኃይል የሚያሳየን ትልቁ ምስክር ይጎድለናል፤ ዘፈኖቹ ግን ይኖራሉ። «ማሺን ሄድ» ባይኖር ታላላቅ ዘፈኖቹ ሁሉ ይቀራሉ፤ የጃፓኑም አልበም እጅግ ይሳሳል፤ የባንዱ አነጋገር ግን ቀድሞ ተገኝቷል። «ኢን ሮክ» ባይኖር ግን ከኮንሰርቶው ወደ ሞንትሩ የሚያሻግር ድልድይ አይታየኝም። ስለዚህ በለውጥ መስፈርት ከሆነ ድምፄን ለ«ኢን ሮክ» እሰጣለሁ። መስፈርቱ ምሉእነት ከሆነ ግን ከ«ማሺን ሄድ» ደጋፊዎች ጋር የምጣላበት ምክንያት የለኝም። ደግሞም ኢቫንስና ሲምፐር በነበሩባቸው አልበሞች ውስጥ የ«ኢን ሮክ» ድምፅ ገና ቀድሞ እንደበሰለ የሚያሳየኝ ተማሪ ቢነሳ፣ ፍርዴ ይናጋል። በእነዚያ አልበሞች ላይ ጥናት የሚሠራ ሰው ከመካከላችሁ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።