በመገናኛና አካባቢው የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን ተመራጭ የሚያደርጉ አሠራሮች

መገናኛ ስሙ እንደሚያመለክተው ከልዩ ልዩ የአዲስ አበባ አቅጣጫዎች የሚመጡ መንገዶች የሚገጣጠሙበት ሥፍራ ነው። የየካና የቦሌ ክፍለ ከተሞች በሚዋሰኑበት በዚህ አካባቢ የቀለበት መንገዱና በጥቅምት 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር ይገናኛሉ። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲ ባሉት መንደሮች ውስጥ መኖሪያ ቤታቸውን ወይም አፓርታማቸውን ዕቃ አሟልተው ለእንግዳ የሚያከራዩ በርካታ ናቸው።

የእንግዳው ቁጥር እንዲጨምር ያደረጉ እርምጃዎች ባለፉት ዓመታት በተከታታይ ተወስደዋል። በ1994 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ እንዲገቡ የፈቀደ ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አገልግሎት በ2009 ዓ.ም ተጀምሯል። በጥር 2011 ዓ.ም የተመረቀው የአውሮፕላን ማረፊያው ማስፋፊያ ዓመታዊ የማስተናገድ አቅሙን ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች አሳድጎታል። በ2017 ዓ.ም በሲኤምሲ አካባቢ የተመረቀው አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ሴንተር ደግሞ ትላልቅ ስብሰባዎችን ወደ ከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል አምጥቷል። በዚሁ ዓመት ጳጉሜን ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ የተካሄደው በዚህ ማዕከል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ የተመረጠች በመሆኑ፣ የማረፊያ ቤቶች ዝግጁነት የባለቤቶቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ የእንግዳው መብዛት ለእያንዳንዱ ቤት ገበያ መኖሩን አያረጋግጥም። ለዚህ አንድ ምሳሌ አለ። በከተማዋ የሚገኙ አንዳንድ የእንግዳ ማረፊያዎች ሕፃናትን በጉዲፈቻ ለመውሰድ የሚመጡ የውጭ አገር ቤተሰቦችን በማሳረፍ ይታወቁ ነበር። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም በሕግ ሲከለከል ይህ የእንግዳ ምንጭ ደርቋል። በአንድ ዓይነት እንግዳ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለሆነም ክረምትንና የገና፣ የጥምቀት በዓላትን ምክንያት አድርጎ የሚመጣውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ለስብሰባ የሚመጣውን ልዑክ፣ ለሥልጠና ወይም ለሕክምና ከክልል የሚመጣውን ዜጋ ጭምር ማስተናገድ የሚችል ቤት የተሻለ ዋስትና ይኖረዋል።

አንድን ቤት ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? በብዙ ቤቶች ዘንድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሶፋ፣ ለመጋረጃና ለትልቅ ቴሌቪዥን ነው። እንግዳው ግን እነዚህን በፎቶግራፍ አይቶ መምረጥ ይችላል። ከሩቅ ሆኖ ሊያረጋግጥ የማይችለው ውኃ፣ መብራትና ጸጥታ መኖሩን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ሮቶ ያለው፣ መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ የሚያስነሣ፣ ሙቅ ውኃው ሌሊትም የሚሠራ ቤት ከማናቸውም ጌጥ የበለጠ ይመሰገናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ብርዳማ ናቸው። ሞቃታማ አገር ነው ብሎ ለመጣ እንግዳ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ማዘጋጀት አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ነገር ግን የማይረሳ መስተንግዶ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመረጃ እውነተኛነት ነው። ግንባታ የሚካሄድበት ሠፈር ጸጥተኛ ነው ተብሎ ቢነገር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አሳንሰር የሌለው ቤት ለአረጋውያን ይመቻል ቢባል፣ እንግዳው በደረሰበት ዕለት እውነቱን ያውቃል፤ በኢንተርኔት የሚሰጠው አስተያየትም ለሌሎች ይደርሳል። ጉድለቱን አስቀድሞ የገለጸ ባለቤት ግን ቤቱ የሚስማማውን እንግዳ ብቻ ያገኛል። የቤት ቁጥር ለእንግዳ አቅጣጫ ጠቋሚ ሆኖ በማያገለግልበት ከተማ የቤቱን ሥፍራ በስልክ ካርታ ላይ አመልክቶ መላክና በቅርብ የሚታወቅ ምልክት መንገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያና በውጭው የሰዓት አቆጣጠር መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለ ቀጠሮ በሁለቱም መገለጽ ይኖርበታል። «ሦስት ሰዓት» የሚለው ቃል ብቻውን እንግዳን በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ለረጅም ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል።

የበረራ ሰዓትም ሊዘነጋ አይገባም። ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚደረጉ በርካታ በረራዎች የሚነሡት በምሽትና በሌሊት ነው። ረፋድ ላይ ክፍል እንዲለቅ የሚጠየቅ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ቀኑን የሚያሳልፍበት ቦታ ያጣል። ሻንጣ የሚጠብቅለት፣ ከመሄዱ በፊት ሰውነቱን የሚታጠብበት ክፍል የሚሰጠው ቤት በቀጣዩ ጉዞው ይመረጣል።

አካባቢውን ማስተዋወቅም ለቤቱ ተጨማሪ መስሕብ ይሆናል። በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ጃንሜዳና በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከመገናኛ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ የሚደረስባቸው ናቸው። የመጓጓዣ መንገዱንና ግምታዊ ዋጋውን በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት፣ በመጣበት ዕለት ቡና አፍልቶ መቀበል ሆቴሎች በቀላሉ የማይተኩት የቤተሰባዊ መስተንግዶ መገለጫ ነው።

ከሁሉም በላይ መሠረታዊ የሆነው ሕጋዊነት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያነት የሚከራይ ቤት የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለጥቂት ቀናት እንግዳ ማሳረፍ ግን ከዚህ የተለየ የንግድ ሥራ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መሥራት ባለቤቱንም ሆነ ጉዳዩን የሚከታተለውን የወረዳ ባለሙያ ለውዝግብ ይዳርጋል። ፈቃድ ያለው ቤት የእንግዳውን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይመዘግባል፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ይሰጣል። ወጪውን ለመሥሪያ ቤቱ የሚያወራርድ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የዓለም አቀፍ ድርጅት ልዑክ ደረሰኝ የማይሰጥ ቤትን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሊመርጥ አይችልም። በዚህ ረገድ ሕግን ማክበር ራሱ ገበያ መሳቢያ ነው ማለት ይቻላል።

የሆቴሎች የኮከብ ደረጃ ምደባ በ2007 ዓ.ም በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ድጋፍ ሲካሄድ፣ ደረጃ መውጣቱ እንግዳው ለከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረጉ ታይቷል። አነስተኛ ማረፊያ ቤቶችም ተመሳሳይ አመኔታ ያስፈልጋቸዋል። የፈቃድ አሰጣጡ ግልጽና ፈጣን ከሆነ፣ ቁጥጥሩም ከቅጣት በፊት ምክርን የሚያስቀድም ከሆነ፣ በድብቅ የሚሠሩት ወደ ሕጋዊው መሥመር ለመግባት ይበረታታሉ። ባለቤቶቹ በበኩላቸው የገቡትን ቃል የሚጠብቁ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ የመጣ እንግዳ ሌላውን ይዞ ይመለሳል፤ ጥቅሙም ከቤቱ አልፎ ለታክሲ ነጂው፣ ለልብስ አጣቢዋና ለሠፈሩ ባለሱቅ ይተርፋል።