ፎቶግራፍ በታሪክ ምስክርነቱ

ፎቶግራፍ በብርሃን ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ እንደ ሰው ምስክር አያዳላም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ብርሃኑን የሚቀበለው ቅመም የራሱ አድልዎ አለው፤ ታሪክ ጸሓፊም ይህን ካልመረመረ የቅመሙን ጠባይ የሕዝብ ጠባይ አድርጎ ይጽፋል።

በ1860 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1868) ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እጅ ፎቶግራፍ ተነሣ። የዘመኑ አሠራር እርጥብ ኮሎዲዮን የሚባለው ነው፤ ይኸውም መስተዋቱ ኮሎዲዮን ይቀባል፥ በብር ናይትሬት ይነከራል፥ ሳይደርቅም ተነሥቶበት ወዲያው በጨለማ ይታጠባል። ተነሺውም ለብዙ ሴኮንድ ሳይንቀሳቀስ መቈየት ነበረበት። ዓለማየሁ አባቱን በመቅደላ፥ እናቱን በጉዞ ላይ ያጣ ሕፃን ነበርና ኀዘኑ እውነት ነው፤ የፊቱ መኰሳተር ብቻውን ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው የቀለም ጕዳይ ነው። ኮሎዲዮን ሰማያዊውን ብርሃን እንጂ ቀዩንና ቢጫውን አይቀበልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊው ነጭ፥ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የሸማው ቀይ ጥለት ጥቁር ይመስላል፥ የጠይሙም የቀይ ዳማውም ፊት ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቍራል። እንዲህ ባለው ምስል የሰውን መልክ ለይቶ በዘር መመደብ የቅመሙን ስሕተት ሳይንስ ብሎ መጥራት ነው።

ሦስተኛው የግራና የቀኝ ነገር ነው። የአገራችን ጦረኛ ጋሻውን በግራ ክንዱ ይዞ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ ነበር። ይህን የማያውቅ ባዕድ አታሚ ምስሉ የተገለበጠ መስሎት ሊያቃናው ይችላል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ልማድ ከመጽሐፍ ላይ ይጠፋል። በምስሉ ውስጥ ጽሕፈት ካለ ፊደሉ ይፈርዳል፤ ከሌለ ግን ዳኛው ዋናው ኔጋቲቭ ነው።

ስለዚህ የኔጋቲቭ ጥበቃ የታሪክ ጥበቃ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ ቤተ መንግሥቱን በፎቶግራፍ አገልግለዋል፤ ስመ ጥር ያልሆኑት ፎቶ ቤቶች ደግሞ ሠርገኛውን፥ ተማሪውንና ወታደሩን አንሥተዋል። ዛሬ ከኦሎምፒያ እስከ ፒያሳ ሥራው በዲጂታል ካሜራ ሆኗልና አሮጌው ኔጋቲቭ ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የሌለው ይመስላል። ለጥናት የሚሰማራ ተማሪ ሁሉ የታተመውን ወረቀት ብቻ ይዞ አይመለስ፤ ኔጋቲቩን ይጠይቅ፥ ማን፥ መቼና በምን ዓይነት ቅመም እንዳነሣውም አብሮ ይመዝግብ።