የማፍረሻው ብር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተወልጄ ካደግሁበት አጥቢያ የእርዳታ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ቤተ ክርስቲያናችን አርጅታለችና በአዲስ ልንሠራት ነው፤ እጃችሁን ዘርጉ» ይላል። ዘረጋሁ። ክርስትና የተነሣሁባት ቤት አይደለችም እንዴ?

በዓመቱ ለንግሥ ሄድሁ። ሕንፃው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ እያብረቀረቀ ጠበቀኝ። እልልታው ቀልጧል። «አሮጌዋስ?» ብል «እሷማ ፈረሰች» አሉኝ። ሽማግሌዎች ተደግፈውት የሚጸልዩበት የጥድ መቃን ከቤተልሔሙ ጓሮ ለማገዶ ተከምሮ አገኘሁት። ቁጣዬ ነድዶ ለአንድ መሪጌታ አመለከትኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፤ «በክረምት ጣሪያው ሲያፈስብን የቆምነው እኛ ነን። አንተ በዓመት አንዴ መጥተህ አሮጌው ይቅር ትላለህ። ደግሞስ ብሩን የላክኸው ለምን መስሎህ ነው?»

ምን እመልሳለሁ? ከማፍረሻው ሒሳብ ውስጥ የእኔም ድርሻ አለበት። ያረጀውን ምን ልታደርጉት ነው ብዬ አልጠየቅሁም ነበራ!

ከዚያ ወዲህ ስለ ፍርስራሽ ሳስብ የምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም ትመጣብኛለች። የደብሩ ትውፊት ታሪኩን እስከ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። በጽሑፍ ጎልቶ የሚታወቀው ግን የእቴጌ እሌኒ ሥራ ነው። እሌኒ የሐድያው ገራድ ልጅ ናት፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና፣ በልብነ ድንግል ሕፃንነትም አገር የመራች ብልህ ሴት። እ.ኤ.አ. በ1509 መልእክተኛዋን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሷ ናት። በጎጃም ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1520 አገራችን የገባው ቄስ አልቫሬዝ ጽፏል። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይ ወደዚያ ተልኮ እንደነበር የነገረን እሱ ነው።

ያ ሁሉ ድካም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደገና ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት ሲመልስ፣ ተከትሎም ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ፣ ሕንፃው ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ሆነ። የእሌኒ ነው እንዳይባል የፈረንጅ እጅ ገብቶበታል፤ የፈረንጅ ነው እንዳይባል መሠረቱ የእሌኒ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ፍርስራሹን ነው። አበባና ሐረግ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ግን ጣሪያ አልባ ሆነውም ዘመን ተሻግረዋል።

እኔን የሚገርመኝ መፍረሱ ሳይሆን የተረፈው መትረፉ ነው። ጥርብ ድንጋይ ለጎረቤት ምን ያህል እንደሚያጓጓ ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። ለአጥር ይሆናል፤ ለወፍጮ ቤት መሠረት ይሆናል። ቅጥሩ መከበሩ፣ «የማርያም ድንጋይ ነው፣ አይነካም» መባሉ ከዘበኛ በላይ ጠብቆታል።

መከበር ብቻውን ግን ዝናብ አይከላከልም። ፍርስራሽ በአንድ ቀን አይጠፋም። መጀመሪያ ጣሪያው ይሄዳል። ቀጥሎ ዝናቡ በግድግዳው አናት ገብቶ ኖራውን ያጥባል። ወፍ የጣለችው የሾላ ፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ይበቅልና ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። ከዚያ አንድ ደግ ሰው ይመጣና በሲሚንቶ ይለስነዋል። ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው! ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ግድግዳውን አያስተነፍሰውም። የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ደጉ ሰው ጽድቅ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ከውስጥ ይፈርሳል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ አይጠገንም ማለቱ ለዚህ ነው። ግን አዋጁን ገጠር ድረስ ማን ወሰደው? የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ አያውቀውም። አዲስ አበባ ተቀምጬ ብር የላክሁት እኔም አላውቀውም ነበር።

መሪጌታው እውነት አላቸው፤ በሚያፈስ ቤት ቀድሱ ማለት ግፍ ነው። አዲሱ ይሠራ። ነገር ግን አሮጌው ካለበት ፈንጠር ብሎ ይሠራ። ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ ይለካ፤ በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ ታሪኩን ይናገርና ይጻፍ። መዳን ያልቻለው እንኳ መቃኑና ደጃፉ በክብር ይቀመጥ። ይህ ከቆርቆሮው ዋጋ ምን ያህል ቢበልጥ ነው?

ዘንድሮም ከሌላ አጥቢያ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ብሩን አዘጋጅቻለሁ። ከመላኬ በፊት ግን ስልክ ደውዬ «አሮጌዋን ምን ልታደርጓት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ጠይቁ።