እሳት አንዳጆቹ

ካርዲፍ ወደብ አጠገብ ቢውትታውን በሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ ሶማሌና የመኔ ጎረቤቶቻችንን እንደኛው በቅርብ የመጡ ስደተኞች አድርጎ የሚያይ አበሻ ብዙ ነው። እነሱ ግን እዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ያመጣቸው ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት የዌልስን ከሰል የሚያነዱ መርከቦች እንግሊዝ በያዘችው ኤደን ይቆሙ ጀመር። እዚያ የተቀጠረ የመኔም ሆነ ከበርበራ የተሻገረ ሶማሌ የሚሰጠው አካፋ ነበር፤ መርከቡ ሆድ ውስጥ ቆሞ ቦይለሩን ከሰል ያጎርስ ነበር። ሙቀት የለመዱ ናቸው ይሉ ነበር ቀጣሪዎቹ። እንደዚያ እሳት ያለ ሙቀት የት አገር ለምደው ይሆን?

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሥራው ባሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቡን ቶርፒዶ ሲመታው ውሃው ቀድሞ የሚያገኘው ከታች ያለውን አንዳጅ ነበር። መሰላሉን ወጥቶ ጀልባ ላይ የደረሰም ቢሆን፣ እስከ 1941 ድረስ መርከቡ በሰመጠበት ቀን የሥራ ውሉ ይቋረጥ ነበር። በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ሥራ ፈት ሆነ ማለት ነው!

ካርዲፍ ከደረሱ በኋላ ሰፈራቸውን ያቆመው የመርከበኞች ማደሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ የአገር ልጅ ነበር፤ መርከብ እስኪገኝ በዱቤ ያበላ፣ ደብዳቤ ይቀበል ነበር፤ ሰው ሲሞትም መርዶው ለእሱ ይደርሰው ነበር። እድርና ምግብ ቤት አንድ ላይ በሉት። ዌልሳዊት ያገቡም ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ የሚናገሩት በካርዲፍ ቅላጼ ነው።

አገሩ ግን ውለታ አልቆጠረም። ከመጀመሪያው ጦርነት ማግስት፣ በሰኔ 1919፣ ነጮች ሰፈሩን ወርረው በብጥብጡ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በ1925 ደግሞ የእንግሊዝ ተገዢ የነበሩት ሳይቀሩ፣ ወረቀት ካላሳዩ እንደ ባዕድ እንዲመዘገቡ ተደረገ። እንዲህም ሆኖ ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ተመልሰው አካፋ ጨበጡ። ፒል ስትሪት ላይ የነበረው መስጊዳቸው በ1941 በጀርመን ቦምብ ፈረሰ፤ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በ1943፣ ሌላ ሠርተው ከፈቱ። አንድ ሕዝብ እዚህ ለመቅረቱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ለንደን ያላችሁ፣ ታወር ሂል ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ አጠገቡ ወዳለው የንግድ መርከበኞች መታሰቢያ ጎራ በሉ። መቃብራቸው ባሕር የሆነ መርከበኞች ስም በየመርከባቸው ተቀርጿል፤ የሁለተኛው ጦርነት ብቻ ወደ 24,000 ይጠጋል። ከዌልስና ከስኮትላንድ ስሞች መካከል አሊ፣ አህመድ፣ መሐመድ የሚሉትን ፈልጋችሁ አንብቡ።