ምክር እንዴት ሕግ ሆነ? ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ታሪክ

ሮበርት ሎውዝ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ምሁር ስለ ቋንቋው ሰዋስው የጻፈውን አጭር መግቢያ እ.ኤ.አ. በ1762 አሳተመ። በግርጌ ማስታወሻዎቹ ለስሕተት ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው ሼክስፒርንና ሚልተንን የመሰሉ ታላላቅ ጸሐፍትን ነው። መስተዋድድን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማዋል ለጭውውት እንደሚስማማ፣ ለከበረ ጽሑፍ ግን ማስቀደሙ እንደሚያምር መከረ። ይህ ምክር ከእርሱ በኋላ በመማሪያ መጻሕፍት ጠንክሮ ክልከላ ሆነ።

በእኛም አገር ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ እግር ተተክቶ የትምህርት ቋንቋ ሆኗል። ዛሬ ብዙ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ሕግ እንዳያፈርሱ ሲፈሩ ሐሳባቸውን ሳይጽፉ ይቀራሉ። ሕጉን ከነታሪኩ እናስተምራቸው፤ የመምህር ቀይ ቀለም የአጻጻፍን ልማድ እንጂ የአእምሮን ልክ አይመዝንምና።