የአሞሌ ሒሳብ

«ከተማ ኑሮው ውድ ነው፤ ገጠር ግን ሁሉ ነገር ከደጅ ነው» የምትለዋን አባባል ያልሰማ የለም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ስለ ገጠር ሲጽፉ ወተቱ ይትረፈረፋል፣ ማሩ ይፈሳል፣ ጎረቤት ያለ ጎረቤት ቡና አይጠጣም። ከተማው ደግሞ ሌባና የቤት ኪራይ ብቻ ነው። የሚገርመው ነገር አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ነበሩ፤ ሲመረቁ ግን አንዳቸውም ወደዚያ ወተት ልመለስ ሲሉ አልሰማሁም። ውሸታሞች ሆነው አይደለም። ወተቱም እውነት ነው፣ አለመመለሱም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለማየት ወደ ወለጋ ታሪክ ጎራ ማለት ይጠቅማል።

ወለጋን ድሃ አገር የሚል የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በከሬ ጎዳና የመሠረቱት፣ ልጃቸው ሞሮዳ፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸው ኩምሳ (ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) የገዙት የሌቃ ነቀምቴ ግዛት ለምኒልክ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ይገብር ነበር። ማሩና ቡናውም ሌላ ነው። እንዲያውም የአካባቢው ቡና የዓለም ገበያ የሚያውቀው በከተማዋ የዱሮ አጠራር፣ «ለቀምት» ተብሎ ነው። ቢሎ በምትባለው የነጋዴዎች ከተማም ከጎጃሙ ባሶ ገበያ ዓባይን የተሻገረው ሲራራ ነጋዴ ያርፍ ነበር። በዚያ መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ የዱሮውን ንግድ ማወደስ አይገባም።

ታዲያ ይህ ሁሉ በረከት እያለ ምን ጎደለ? ጨው! አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመል ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ በአህያና በበቅሎ ስንት ኬላ አልፎ ነው ወለጋ የሚደርሰው። ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥር በአንድ ማርያ ትሬዛ ብር የሚገዛው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። የወለጋ ገበሬ ማሩ የረከሰው ገዢው ሩቅ ስለሆነ፣ ጨው የተወደደበትም ሻጩ ሩቅ ስለሆነ ነው። የራሱን በርካሽ ሸጦ የሰውን በውድ ይገዛል። ርካሽ የምንለው ኑሮ ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው በርቀት ነበር ማለት ነው።

ርቀቱ ሲያጥር ሒሳቡ እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ ምዕራብ ወለጋ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አገኙ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ ያኔ ሰዮ ትባል ከነበረችው ደምቢ ዶሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድላል፣ መርከቡም ይቀራል። ያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ፊደሉም መንገድ ነበረው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ፤ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰውም ነቀምቴ ላይ ከአስቴር ጋኖ ጋር አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት የገጠር ልጅ ነው ስንቁን ተሸክሞ ለትምህርት ከተማ የገባው! ቅዳሜ አገር ቤት ይወርዳል፣ እሑድ ጤፉንና በርበሬውን ይዞ ወደ ኪራይ ክፍሉ ይመለሳል። የከተማው ኪራይ የሚከፈለው ከዚያው «ሁሉ ነገር ከደጅ» ከሆነበት ቤት ነው። ያውም እርሻው አንድ የሥራ እጅ ጎድሎበት።

ደርግም በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች አወጀ። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ጭሰኛው ከባላባት ግብር ተገላገለ፤ ለከተሜውም ኪራዩ ተቀነሰለት። ሁሉም የተጠቀመ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣና ገበሬው በተወሰነለት ኮታ፣ በተቆረጠለት ዋጋ እህሉን እንዲያስረክብ ተደረገ። ኮታው እስከ 1982 ዓ.ም. ዘልቋል። ከተሜው ከቀበሌ ሱቅ በርካሽ ሲሸምት ልዩነቱን የከፈለው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? የሚከፍለው ሰው አይታየው!

እንግዲህ ወለጋዎች በዘመናት ያበጁት መላ ምርጫ አልነበረም፤ ማጣመር እንጂ። አንድ ቤተሰብ አንድ እግሩን ገጠር፣ አንዱን ከተማ ያቆማል። ጤፍ፣ ቅቤና ማር በአውቶቡስ ጣሪያ ወደ ነቀምቴ ወይም አዲስ አበባ ይመጣል፤ የመድኃኒት፣ የሳሙናና የደብተር ገንዘብ ደግሞ ይመለሳል። ደመወዝ ሲዘገይ ጎተራው፣ ዝናብ ሲዘገይ ደመወዙ ይደርሳል። ከየትኛውም ኢንሹራንስ የሚሻል ነበር።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ግጭቱ የመታው ይህንኑ ነው። መንገድ ሲዘጋ ስንቁም፣ ገንዘቡም፣ በሽተኛውም ባለበት ይቀራል። ከቀዬው ተፈናቅሎ ነቀምቴና ሌሎች ከተሞች የገባው ሰው ከተማን መርጦ አልመጣም፤ «ኑሮ ከከበደህ አገርህ ግባ» ቢሉት የሚገባበት የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ዶላር የሚፈልጉት ዘይትና ማዳበሪያ ከተሜውንም ገበሬውንም እኩል ነው የሚጎበኙት። በዚያው ዓመት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመከላከል የታሰበ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው። የተዘጋ መንገድ ግን አይከፍትም።

ስለዚህ ገጠር ይረክሳል የሚል ሰው ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ጊምቢ ሆስፒታል የማድረሱን ዋጋ ይደምር። ከተማ ይወደዳል የሚለውም ከቧንቧው ውሃ፣ ከትምህርት ቤቱ ቅርበት ያተረፈውን ይቀንስ። ሲደመርና ሲቀነስ ሁለቱ ኑሮዎች ያን ያህል አይራራቁም። ያቀራርባቸው የነበረው በሰላም የሚኬድበት መንገድ ነው። እሱ ከጠፋ ማሩም ገጠር ይቀራል፣ ጨዉም ከተማ፤ ሁለቱም ቤት በየፊናው ውድ ይሆናል።