የመንገድ ብስክሌት በከፋ ዞን

የመንገድ ብስክሌት በአስፋልት ወይም በደንብ በተደለደለ መንገድ ላይ ረጅም ርቀት የሚነዳበት የብስክሌት ስፖርትና የጉዞ ዓይነት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኘው የከፋ ዞን ለዚህ የሚያገለግለው ዋና መስመር ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን አማን የሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ ነው። መስመሩ በቡና ጫካ፣ በሻይ ተክልና በእንሰት ማሳ መካከል ያልፋል። አስቸጋሪነቱ በአንድ ትልቅ ተራራ ላይ ሳይሆን በተደጋጋሚ ዳገትና ቁልቁለት፣ በጎጀብ ሸለቆና በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው።

መልክዓ ምድር

የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ናት። አካባቢው ጅረቶች በሸረሸሯቸው ኮረብታዎች የተሞላ ነው። መንገዱ ከአንዱ ጉብታ ወርዶ ጅረት ይሻገርና ወዲያው ወደ ሌላው ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳገት አጭር ቢሆንም በቀን ውስጥ የሚወጣው ከፍታ ሲደመር ብዙ ይሆናል።

ከፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ተብሎ ይታወቃል። በከፊኛ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ይባላል። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በዱር ይበቅላል፤ ኮረሪማና ማርም የጫካው ሀብት ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። በቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ይገኛል።

መስመሩ

ከጅማ እስከ ቦንጋ ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። መንገዱ በሰቃና በሸቤ በኩል አልፎ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል። የኦሞ ገባር የሆነው ጎጀብ በዚህ በኩል የኦሮሚያ ክልልና የከፋ ወሰን ነው። ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ወደ ከፋ ደጋማ ምድር መውጣት ይጀምራል። ከጅማ የተነሣ ብስክሌተኛ ዋናውን ዳገት የሚያገኘው ግማሽ ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ፣ የሸለቆው ሙቀትም በበረታበት ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ማልዶ መነሣትና ከወንዙ በፊት በቂ ውሃ መያዝ የጉዞው ዋና ጥንቃቄ ነው።

ሸለቆው በታሪክም ትልቅ ቦታ አለው። የከፋ መንግሥት ጎጀብን እንደ ተፈጥሮ ምሽግ ይጠቀምበት ነበር። ድንበሩንም በቦይና በሚጠበቁ ኬላዎች ያስከብር ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተይዘው የመንግሥቱ ነጻነት አበቃ።

ከቦንጋ በስተ ምዕራብ መንገዱ በዉሽውሽ፣ በሺሺንዳና በዋቻ በኩል ወደ ሚዛን አማን ይቀጥላል። በዉሽውሽ የሻይ እርሻው ኮረብታዎቹን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ይታያል። በአውሮፓ የብስክሌት ውድድሮች የሻምፓኝና የአልሳስ የወይን ኮረብታዎች ያላቸውን ገጽታ በከፋ የሚተካው ይህ የሻይ ተክልና የቡናው ጫካ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች አብዛኞቹ ጠጠር ናቸው፤ በዝናብ ጊዜም ይጨቀያሉ። ለእነዚህ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድድም ብስክሌት አይመችም።

ዳገትና ቁልቁለት

በዳገት ላይ የብስክሌተኛው ዋና ባላንጣ ነፋስ ሳይሆን ክብደት ነው። ለምሳሌ ከብስክሌቱ ጋር 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 6 በመቶ ተዳፋት ባለው ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 130 ዋት ገደማ ኃይል ያስፈልገዋል። 15 ኪሎ ግራም ጓዝ ቢጨምር ፍላጎቱ ወደ 155 ዋት ያድጋል። ስለዚህ በከፋ መንገድ ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌትና ጥቂት ጓዝ ከፈጣን ጎማ የበለጠ ይጠቅማሉ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በቦንጋ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ይደክመዋል፤ በደጋ ያደገ ግን ብዙም ልዩነት አይሰማውም።

በቁልቁለት አደጋው የፍሬን ነው። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌተኛ 500 ሜትር ቁመት ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ከማፍላት አያንስም። ከዚህ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው በፍሬኑና በጎማው ላይ ሙቀት ይሆናል። ፍሬንን ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ሙቀቱን ይቀንሳል። የጎማውን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ደግሞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በጣም ይረዝማል።

የአየር ጠባይና የጉዞ ወቅት

ከፋ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናቡ በክረምት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የተሻለ ደረቅ የሆኑት ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። በጠዋት ኮረብታዎቹን ጉም ስለሚሸፍናቸው ደማቅ ልብስና መብራት ያስፈልጋል። ሙቀቱ በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በጎጀብ ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ሊበርደው ይችላል።

ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ጨለማውም ቶሎ ይወርዳል። መንገዱን እግረኞች፣ ከብቶች፣ ባጃጆችና የጭነት መኪናዎች ይጋሩታል። በገበያ ቀንና በቡና ለቀማ ወቅት እንቅስቃሴው ይጨምራል። የመለዋወጫ ዕቃ በቀላሉ ስለማይገኝ ካላማዳሪ፣ መለጠፊያና መንፊያ ይዞ መጓዝ የተለመደ ምክር ነው።

በኢትዮጵያ የብስክሌት ስፖርት ውስጥ ያለው ቦታ

የኢትዮጵያ የብስክሌት ውድድር ታሪክ በአብዛኛው የሰሜን ታሪክ ነው። ስፖርቱ በጣሊያኖች አማካይነት በኤርትራ ሥር ሰደደ፤ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተካሄደ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ገረመው ደንቦባ ከብስክሌት ቡድኑ አባላት አንዱ ነበር። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

የሰሜን ብስክሌተኞች ያደጉበት ከፍታና ዳገት በደቡብ ምዕራብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና የተደረገው በኪጋሊ ኮረብታዎች ላይ ነው። በወንዶች ውድድር የተወጣው ከፍታ በድምሩ ከ5,000 ሜትር በላይ ነበር፤ ይህም የተገኘው አጫጭር ዳገቶችን ደጋግሞ በመውጣት ነው። የከፋ መሬት ከኪጋሊ ጋር የሚመሳሰለው በዚሁ ነው።

ከሌሎች የተራራ መንገዶች ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ረጅም የተራራ ዳገት የሚገኘው በሌሎች መስመሮች ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያስወጣል። በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደባርቅ በስተ ሰሜን ያለው ሊማሊሞም በጠመዝማዛነቱ የታወቀ ነው። በፈረንሳይ ታዋቂ የሆነው የአልፕ ዱዌዝ ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው የሚያበቃው 1,850 ሜትር ላይ ነው፤ ይህ ከቦንጋ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የአልፕ ዱዌዝ ተወዳዳሪ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲጨርስ፣ የከፋ መንገደኛ ግን ከፍታውን ባገኘ ቁጥር ወደሚቀጥለው ጅረት ወርዶ እንደገና መጀመሩ ነው።

መንገዱና ደኑ

አስፋልቱ ቡናን፣ ማርንና ሻይን ወደ ገበያ ያደርሳል፤ በዚያው ልክ ወደ ደኑ መግባትን ያቀላል። የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራው ጥብቅ የሆነ ዋና ክልል፣ በዙሪያው የመከለያ ቀጠና እና ሰዎች የሚያርሱበትና የሚኖሩበት የመሸጋገሪያ ቀጠና አለው። ብስክሌት ነዳጅ የማይፈልግና ድምፅ የሌለው በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ስፍራ ተስማሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተዘጋጁ መንገዶች ውጭ በጫካው ውስጥ መንዳት የቡና ችግኞችን ይጎዳል። ወደ የእግዜር ድልድይ፣ ወደ ባርታ ፏፏቴ ወይም ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ የሚሄዱ ጎብኚዎች ብስክሌታቸውን በመንደር ትተው ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር በእግር ቢቀጥሉ ይመረጣል።